የሙት ልጅ ርስትና የሞግዚት ወሰን

ከአዲስ አበባ የሚወጡ ሦስት አውራ መንገዶች ሦስት ከተሞችን ያቋርጣሉ። የጅማው መንገድ በሰበታ፣ የአምቦው በቡራዩ፣ እንጦጦን ተሻግሮ ወደ ጎጃም የሚዘልቀው ደግሞ በሱሉልታ ያልፋል። የነዚህ መንገዶች ግራና ቀኝ በመቶ ሠላሳ ዓመት ውስጥ የጎሳ ግጦሽ፣ የመኳንንት ጉልት፣ የገበሬ ማኅበር ማሳ፣ የፋብሪካ ግቢና የመኖሪያ መንደር ሆኗል። መሬቱ ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቁጥር አንድ ጥያቄ አብሮት ተጉዟል። ወላጆቹን በሞት ያጣ ሕፃን የወረሰውን ንብረት የሚይዝለት ሰው ምን ማድረግ ይችላል? ምንስ አይችልም? ያንን ሰው ራሱንስ ማን ይቆጣጠረዋል? በየዘመኑ የተሰጠውን መልስ በቅደም ተከተል ያየ ሰው፣ ዛሬ በነዚሁ ከተሞች የሙት ልጅ ሀብት በየት በኩል እንደሚያመልጥ ይገባዋል።

ከተማ ሳይቆረቆር በፊት አካባቢው የቱለማ ኦሮሞ አገር ነበር። መሬቱ በጎሳ የሚታወቅ፣ ሀብቱም በአመዛኙ ከብት ነበር። አባት ሲሞት ልጁ ሜዳ ላይ አይወድቅም፤ የአባቱ ወንድም ይሰበስበዋል፤ ብዙ ጊዜም በባህሉ መሠረት የሟችን ሚስት ያገባል። ወላጅ የሌለው ልጅ በጉዲፈቻ ሌላ ቤት ከገባ ደግሞ እንደ አብራክ ክፋይ ተቆጥሮ ውርስ ይካፈላል። አጎት የሕፃኑን ላሞች ያልባል፣ በሬዎቹን ይጠምዳል፣ ግጦሹን ይጠቀማል። ከብቶቹን አባክኖ ቢገኝ ግን ጃርሳ ብያ የሚባሉት የአገር ሽማግሌዎች ፊት ይቆማል። ያኔ ለሕፃኑ ትልቁ ዋስትና የመሬቱ ጠባይ ራሱ ነበር። መሬት ለባዳ ስለማይሸጥ፣ አጎት ቢበድል ፍሬውን ይበላ እንደሆነ እንጂ መሬቱን ሊያጠፋው አይችልም።

በሰሜኑ የርስት አገርም ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። ልጁ አድጎ አያት ቅድመ አያቱን ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚለው አባባል የመጣው ከዚያ ኑሮ ነው። ዘመድ ለጊዜው ቢያርሰውም መሬቱ የትም አይሄድም። የዚያ ዘመን ዳኝነት የቆመውም በዚህ እምነት ላይ ነበር።

በጽሑፍ የተቀመጠው ሕግ ፍትሐ ነገሥት ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግብጻዊው የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ኢብን አል አሳል በዓረብኛ ያዘጋጁት ይህ መጽሐፍ ወደ ግእዝ ተመልሶ መንፈሳዊና ሥጋዊ ተብሎ በሁለት ክፍል ለዘመናት የሊቃውንትና የዳኞች መመሪያ ሆኗል። የሕፃንን ንብረት ለሚጠብቅ ሰው ጉዳይም ቦታ ሰጥቶታል። ነገር ግን መጽሐፉ በቤተ መንግሥት፣ በገዳማትና በታላላቅ ዳኞች ዘንድ የሚገኝ ነበር። የገጠሩ ሕፃን ጠባቂ ሽማግሌ፣ ነፍስ አባትና የጎረቤት ዓይን ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው «አደራ በላ» መባል ነው። አደራ በላ የተባለ ሰው በማኅበርም፣ በሰርግም ፊቱን ቀና አድርጎ መቀመጥ አይችልም።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ይህ ሥርዓት መናጋት ጀመረ። በከተማዋ ዙሪያ ያለው መሬት ለመኳንንት፣ ለወታደርና ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ፤ ገበሬውም ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ። በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ያወጡት ደንብ የከተማ ቦታ በግል እንዲያዝ፣ እንዲሸጥና እንዲወረስ መንገድ ከፈተ። የሚሸጥ መሬት ባለበት አገር የሞግዚት ሥልጣንም ሌላ ትርጉም ያገኛል። ባለመሬቱ ሲሞት የልጁን ርስት የያዘው ሰው በአንድ ፊርማ ለዘለዓለም ሊያሳጣው ይችላል። የጭሰኛው ልጅ ደግሞ የሚነጠቀው መሬትም አልነበረውም። አባቱ ሲሞት የሚወርሰው ጥንድ በሬ፣ ሞፈርና ቀንበር ነው፤ መሬቱን የማረስ ዕድሉም በባለ መሬቱ ፈቃድ ላይ ያደረ ነው። ስለ ሞግዚት ሥልጣን ወሰን መነጋገር የሚቻለው ልጁ ንብረት ሲኖረው ነው። በሱሉልታ ሜዳም ሆነ በሰበታ ዳገት ለአብዛኛው ገበሬ ልጅ ያ ጊዜ ገና አልደረሰም ነበር።

ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ታወጀ፤ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ሥራ ላይ ዋለ። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጉ ከ18 ዓመት በታች ያለን ልጅ «አካለ መጠን ያላደረሰ» አለው፤ ሁለት ጠባቂም አቆመለት። አሳዳሪው ሰውነቱን፣ ማለትም መኖሪያውን፣ ጤናውንና ትምህርቱን ይጠብቃል። ሞግዚቱ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ በሕግ ፊትም ስለ እሱ ይቆማል። ሁለቱ ኃላፊነቶች በአንድ ሰው እጅ ሊገናኙ ይችላሉ። ወላጆች በሕይወት ሳሉ ሁለቱንም በጋራ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት ሥልጣኑ ለሌላው ያልፋል።

በሞግዚቱ ላይ የተጣለው ገደብ በሦስት ደረጃ ቢታይ ይገባል። በመጀመሪያው ደረጃ ያለው የየዕለቱ አስተዳደር ነው። ኪራይ መሰብሰብ፣ የሚበላሽ ምርት መሸጥ፣ ጣሪያ ማደስ፣ የትምህርት ቤት ወጪ መክፈል የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። በሁለተኛው ደረጃ የንብረቱን ሥር የሚነኩ ሥራዎች አሉ። ቤት መሸጥ፣ በልጁ ስም መበደር፣ ንብረቱን በመያዣ ማስያዝ የሌላ አካል ፈቃድ ይፈልጋል። ሦስተኛው ደረጃ የሞግዚቱና የልጁ ጥቅም የሚጋጭበት ነው። ሞግዚት ሻጭም ገዥም ሆኖ የልጁን ቤት ለራሱ ሊያዞር አይገባም። ወራሽነት ላይ ከልጁ ጋር የሚከራከር ሰው የልጁ ጠበቃ መሆን አይችልም፤ ለዚያ ጉዳይ ብቻ ሌላ ሞግዚት ይሾማል። ሞግዚቱ ሥራውን ሲጀምር ንብረቱን ዘርዝሮ ይረከባል፤ ሲጨርስም ሒሳብ ያስረክባል።

በ1953 ዓ.ም. ያ ፈቃድ ሰጪ አካል የቤተ ዘመድ ጉባኤ ነበር። ሐሳቡ የተወረሰው ከፈረንሳይ ሕግ ነው። የልጁ የቅርብ ዘመዶች ተሰብስበው ሞግዚቱ የጠየቀውን ሽያጭ ይመረምራሉ፤ ያጸድቃሉ ወይም ይከለክላሉ። ሽምግልናን ለሚያውቅ ሕዝብ ነገሩ እንግዳ አልሆነበትም።

ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ሕንድም ስለዚሁ ጉዳይ ሕግ አውጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የሂንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችና የሞግዚትነት ሕግ አባትን ሳይቀር ገደብ ውስጥ አስገባ። የተፈጥሮ ሞግዚት የሚባለው ወላጅ ፍርድ ቤት ሳይፈቅድለት የልጁን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ መስጠት፣ መለወጥ ወይም በመያዣ ማስያዝ አይችልም፤ ከ5 ዓመት በላይ፣ ወይም ልጁ 18 ዓመት ከሞላው በኋላ ከአንድ ዓመት ለሚበልጥ ጊዜ ማከራየትም አይችልም። ይህን ጥሶ የተደረገ ውል ልጁ ሲጠይቅ ይፈርሳል። ሕግም ፍርድ ቤትም ሳይሾመው በራሱ ፈቃድ ልጁን የያዘ ዘመድ ደግሞ በልጁ ንብረት ላይ የመዋዋል ሥልጣን ጨርሶ የለውም። ከዚያ በፊት በሕንድ ሲሠራበት የኖረው እ.ኤ.አ. በ1856 በለንደን የተሰጠ ፍርድ ነበር፤ እሱም ሽያጩ ለችግር ወይም ለንብረቱ ጥቅም የተደረገ እንደሆነ ይጠይቅ ነበር። የ1956ቱ ሕግ አንድ ርምጃ ወደፊት ሄደ፤ ችግሩ እውነት መሆኑን ከሽያጩ በፊት ዳኛ ይመርምረው አለ። ኢትዮጵያ ከአራት ዓመት በኋላ ፈቃዱን ለዘመዶች ስትሰጥ ሕንድ ለዳኛ ሰጥታው ነበር። ይህ ልዩነት በአገራችን የተስተካከለው ከአርባ ዓመት በኋላ ነው።

የቤተ ዘመድ ጉባኤ ሁለት ድካም ነበረበት። የመጀመሪያው ጉባኤተኞቹ ራሳቸው ከንብረቱ ጥቅም ያላቸው ሰዎች ሊሆኑ መቻላቸው ነው። አጎት ሞግዚት ሲሆን ጉባኤው ላይ የሚቀመጡት ወንድሞቹና የአክስቶቹ ልጆች ናቸው። ዛሬ ለእሱ እሺ ያለ ነገ የራሱን ጉዳይ ይዞ እሱ ዘንድ ይመጣል። ሁለተኛው ድካም በሴት ልጅ ላይ ይከፋል። በዚያ ሕግ ወንድ በ18፣ ሴት በ15 ዓመቷ ማግባት ትችላለች፤ ያገባ ልጅ ደግሞ ከሞግዚት ሥልጣን ነፃ ይወጣል። ስለዚህ የአሥራ አምስት ዓመቷ የሙት ልጅ በሰርጓ ማግስት ሒሳብ ጠያቂ የሌላት ባለ ንብረት ትሆናለች። ሀብቷም ከሞግዚቷ እጅ ወጥቶ በባሏ እጅ ይገባል። ለወንድሟ እስከ 18 ዓመቱ የቆየለት ጥበቃ ለእሷ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተቋረጠባት።

ለሙስሊሙ ሕዝብ ሌላ በር ነበር። በ1936 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የቃዲ ፍርድ ቤቶችን አቋቁሞ ጋብቻን፣ ውርስንና የሕፃናት ሞግዚትነትን እንዲዳኙ ሥልጣን ሰጣቸው። የየቲም፣ ማለትም የሙት ልጅ፣ ገንዘብ ጉዳይ በሸሪዓ ብርቱ ቃል የተነገረበት ነው። ጠባቂው የልጁን ገንዘብ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ እንዳይበላ፣ ልጁ ለአስተዳደር መብቃቱን ፈትኖ በምስክር ፊት እንዲያስረክብ ታዟል። እነዚህ ፍርድ ቤቶች እስከ ዛሬ አሉ። የፌዴራሎቹ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 188 እንደገና ሲደራጁ ተከራካሪዎች ፈቅደው የሚመጡባቸው ሆነዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 31 መሬት መሸጥ፣ መለወጥ፣ በመያዣ ማስያዝና ማከራየት ተከለከለ። በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ገጠሮች ጭሰኛ የነበረው ሰው ባለ ይዞታ ሆነ፤ ልጁም የሚቀርለት መሬት አገኘ። ብዙ ሰው የማያስታውሰው አንድ ነገር በዚህ አዋጅ ውስጥ አለ። ባለ ይዞታው ሲሞት መሬቱን የመጠቀም መብት የሚያልፈው በመጀመሪያ ለሚስቱ ወይም ለባሏና አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች ነው፤ አካለ መጠን ያደረሰው ልጅ የሚደርሰው እነሱ ከሌሉ ብቻ ነው። በተቀጠረ ጉልበት ማሳረስ ሲከለከል፣ የሟች ትንንሽ ልጆች ከክልከላው ወጡ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ በሬ መጥመድ እንደማይችል ሕጉ አስቦለታል።

በዚህ ጊዜ ፈቃድ ሰጪውም ተቆጣጣሪውም የገበሬ ማኅበሩ ሆነ። መሬት ስለማይሸጥ ሞግዚት መሬት ሊያጠፋ አይችልም ነበር፤ ከቀድሞው የጎሳ ሥርዓት ጋር የሚመሳሰል ዋስትና በመንግሥት እጅ ተመለሰ። ማኅበሩ ግን መሬት ሲያደላድል የሙት ልጅን ድርሻ ቀንሶ ለሌላ የመስጠት ኃይል ነበረው። በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ የሚናገር ሰው የሌለው ልጅ ደግሞ በድልድል ቀን የሚጎዳ ልጅ ነው። በከተሞቹ ውስጥ በዚያው ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለመኖሪያ የሚያዝ ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። የከተማ ሙት ልጅ የሚወርሰው ከዚያ ወዲያ የቆርቆሮ ቤትና የወላጆቹን የቤት ዕቃ ሆነ።

የሚቀጥለው ለውጥ የመጣው በ1980ዎቹ ነው። ኢትዮጵያ የሕፃናት መብቶች ስምምነትን ተቀበለች። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት በሚወሰድ ርምጃ ሁሉ የሕፃኑ ደኅንነት በቀደምትነት እንዲታሰብ አዘዘ፤ መንግሥት ለእጓለ ማውታን ልዩ ጥበቃ እንዲያደርግም ግዴታ ጣለበት። በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ንብረት መሆኑና እንደማይሸጥ ተረጋገጠ።

በዚያን ዘመን ኤች አይ ቪ ኤድስ በየቤቱ ይገባ ነበር። አባት ይሞታል፣ እናት ትከተላለች፣ ልጆች በአያት ወይም በአጎት እጅ ይቀራሉ። በለቅሶው ሰሞን «ልጆቹን ላሳድግ» ብሎ የገባ ዘመድ ዓመት ሳይሞላ ኪራይ ተቀባይ፣ ሲቆይም ባለቤት ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነበር። ሰኔ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በዚህ ሰዓት ነው የደረሰው። የቤተ ዘመድ ጉባኤን አስቀርቶ ሥልጣኑን ለፍርድ ቤት ሰጠ። የልጁን ቤት ለመሸጥ የፈለገ ሞግዚት ዘመዶቹን ሰብስቦ ማስፈረሙ ቀርቶ ዳኛ ፊት መቅረብ ግድ ሆነበት። የሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜም ወደ 18 ከፍ ስላለ የአሥራ አምስት ዓመቷ ሙሽራ ጉዳይ በሕግ ተዘጋ።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። አመልካቹ የሟችን የሞት ማስረጃ፣ የልጁን የልደት ካርድና የቀበሌ ደብዳቤ ይዞ ይቀርባል፤ ምስክሮችም ይሰማሉ። በመጀመሪያ የወራሽነት፣ ቀጥሎ የሞግዚትነት ማስረጃ ይሰጠዋል። ብዙ ሰው በዚህ ወረቀት ሁሉ ነገር የተፈቀደለት ይመስለዋል፤ አይደለም። የሞግዚትነት ማስረጃ የማስተዳደሪያ እንጂ የመሸጫ ፈቃድ አይደለም። ቤቱን ለመሸጥ ሲፈልግ ለብቻው ያመለክታል። ዳኛው ለምን እንደሚሸጥ፣ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ልጁ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚኖር፣ ገንዘቡ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። ፈቃዱ ሲሰጥ ብዙ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ይከተለዋል፤ የልጁ ድርሻ በባንክ በስሙ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥና ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይወጣ። ውልና ማስረጃም የሽያጭ ውሉን ከማጽደቁ በፊት ይህን ፈቃድ ይጠይቃል። ይህን ሰንሰለት ጥሶ የልጁን ገንዘብ ለራሱ ያደረገ ሰው ከፍትሐ ብሔሩ ክስ ሌላ፣ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ በእምነት ማጉደል ሊጠየቅ ይችላል።

አዋጅ 213 የሚሠራው ግን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ የኦሮሚያ ከተሞች ስለሆኑ የሚገዛቸው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 69 የወጣውና በሚቀጥለው ዓመት የተሻሻለው የክልሉ የቤተሰብ ሕግ ነው፤ ፍርድ ቤቶቹም በአፋን ኦሮሞ የሚሠሩ የክልሉ ፍርድ ቤቶች ናቸው። እዚህ ላይ የከተማ ዙሪያ ኑሮ የሚፈጥረው ችግር አለ። አዲስ አበባ ውስጥ አስኮ ቤት፣ ቡራዩ ደግሞ የእርሻ ይዞታ የነበረው አባት ቢሞት የልጁ ውርስ በሁለት ሕግ፣ በሁለት ፍርድ ቤትና በሁለት ቋንቋ ይከፈላል። በአንዱ ፍርድ ቤት ሞግዚት የሆነው ሰው በሌላው በኩል ያለውን ንብረት ባይጠቅስ፣ ያንን የሚያይ ዓይን የለም። በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን የታክሲ መንገድ ነው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የከተሞቹ መልክ ፈጥኖ ተለወጠ። የአበባ እርሻ፣ ፋብሪካ፣ መጋዘንና የመኖሪያ መንደር ወደ ሦስቱም አቅጣጫ ገሰገሰ፤ በ2000 ዓ.ም. የፊንፊኔ ዙሪያ የኦሮሚያ ልዩ ዞን ተቋቋመ። ለሙት ልጅ ሁለት አዋጆች በአንድ ዓመት ወጡ፤ አንዱ ሰጠው፣ ሌላው ለአደጋ አጋለጠው። የገጠር መሬት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 456/1997 ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች 18 ዓመት እስኪሞላቸው በሕጋዊ ሞግዚት አማካኝነት የገጠር መሬት የመጠቀም መብት እንዳላቸው በግልጽ ጻፈ። አዋጅ ቁጥር 455/1997 ደግሞ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድ ካሳ የሚከፈልበትን መንገድ ደነገገ። በቋሚነት ለሚፈናቀል ገበሬ የመፈናቀያ ካሳው ከመሬቱ በአምስት ዓመት ውስጥ የተገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በአሥር ተባዝቶ ነበር።

ይህን ስሌት በአንድ ልጅ ዕድሜ ላይ እናስቀምጠው። በሱሉልታ ሜዳ ጤፍና ድርቆሽ የሚሰጥ ማሳ የወረሰ የስምንት ዓመት ልጅ አለ እንበል። ዓመታዊ ገቢው 20 ሺህ ብር ቢሆን መፈናቀያው 200 ሺህ ብር ነው። ይህ ገንዘብ የአሥር ዓመት ገቢ ነው፤ ልጁም 18 ዓመት እስኪሞላው የቀረው አሥር ዓመት ነው። ሞግዚቱ በየዓመቱ የመሬቱን ገቢ ያህል ለልጁ እያወጣ በታማኝነት ቢያስተዳድር እንኳ፣ ልጁ ለአካለ መጠን በሚደርስበት ዕለት ገንዘቡ ያልቃል። መሬቱ ቢኖር ኖሮ ያኔም ማሳው ነበረው። ሞግዚቱ ታማኝ ካልሆነ ደግሞ ለማጥፋት ስድስት ወር ይበቃዋል። ለዘመናት ሕፃኑን የጠበቀው መሬት የማይሸጥ መሆኑ ነበር። ካሳው ያንን አጥር አፍርሶ ሀብቱን በአንድ ቀን ወደ ጥሬ ብር ለወጠው። ብር ደግሞ ድንበር የለውም፣ ጎረቤት አያየውም፣ ሽማግሌም ሄዶ አይለካውም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን አሻሻለ፤ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 እንዲባዛ አደረገ፤ ተፈናቃዮችን መልሶ ማቋቋምም እንዲታሰብበት አዘዘ። መጠኑ ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን በሞግዚቱ እጅ የሚገባው ገንዘብ ሲጨምር ፈተናውም አብሮ ይጨምራል።

የልጁ ሀብት የሚያመልጥበት አንዱ ቀዳዳ ካሳው ነው፤ ሁለተኛው ያለ ፈቃድ የሚሠራው ጨረቃ ቤት ነው። በቡራዩ፣ በሰበታና በሱሉልታ ዳርቻ የእርሻ ማሳ በካሬ እየተቆረሰ ለቤት ሠሪ ሲተላለፍ ቆይቷል። መሬት መሸጥ በሕገ መንግሥት የተከለከለ ስለሆነ ውሉ ሽያጭ አይባልም፤ የብድር፣ የስጦታ ወይም የኪራይ መልክ ይሰጠዋል፤ በሠፈር ምስክሮች ፊት ይፈረማል። ኦሮሚያ በአዋጅ ቁጥር 130/1999 ገበሬ ከይዞታው ከግማሽ በላይ እንዳያከራይ፣ ኪራዩም በባህላዊ አስተራረስ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ የሠፈሩ ውል ግን ይህን ገደብ አያውቀውም። ፈራሚው የሙት ልጅ ሞግዚት ሲሆን ጥፋቱ እጥፍ ነው። የማይሸጥ መሬት ሸጧል፤ ፍርድ ቤትም ሳይፈቅድለት የልጁን ሀብት አሳልፏል። ገዥው ቤት ሠርቶ፣ መብራት አስገብቶ፣ ልጆች ወልዶ ሲኖር ቆይቶ ባለ መሬቱ ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው ይመጣል። አንዱ ጉልበቱን፣ ሌላው ርስቱን ይዞ ፍርድ ቤት ይገናኛሉ። ሁለቱንም ያገናኛቸው ሞግዚት ብዙ ጊዜ የሚከፍለው ነገር የለውም።

የዚህ አካባቢ ሰው ስለ መሬት ያለው ስሜት ምን ያህል ጥልቅ እንደሆነ ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በአዲስ አበባና ዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ላይ የተነሳው ተቃውሞ አሳይቷል፤ ዕቅዱም በጥር 2008 ተሰርዟል። በዚያ ክርክር ገበሬ በጋራ ድምፁን አሰማ። በየቤቱ ያለው የሙት ልጅ ድርሻ ግን የአደባባይ ጉዳይ ሊሆን አይችልም። የሚታየው በመዝገብና በችሎት ብቻ ነው።

ችሎት ሊያይ ሲፈልግ እንደሚያይ ማስረጃ አለ። በ2000 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስት ከወላጅ አባት በልጣ እንድትይዘው ወሰነ። መሠረቱ አንቀጽ 36 ነበር፤ የልጁ ደኅንነት ከወላጅ የሥጋ መብት ይቀድማል። ጉዳዩ ስለ ማሳደግ ቢሆንም መርሑ ለንብረትም ያገለግላል። አባትነት ብቻውን መተማመኛ እንዳልሆነ የአገሪቱ የመጨረሻ ችሎት ተናግሯል፤ የሰበር የሕግ ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉትን ፍርድ ቤቶች ሁሉ ያስገድዳል።

በ2013 ዓ.ም. ኦሮሚያ የባህል ፍርድ ቤቶችን በአዋጅ ቁጥር 240 እውቅና ሰጠቻቸው። ጃርሳ ብያ በሕግ ተመለሱ ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች አጎራባች ከተሞች ጋር ሸገር ከተማ ተብለው በአንድ አስተዳደር ሥር ገቡ። በ2016 ዓ.ም. አዋጅ 456ን የሚተካ አዲስ የገጠር መሬት አዋጅ፣ ቁጥር 1324፣ ወጣ። ሽማግሌም፣ ዳኛም፣ የከተማ አስተዳደርም፣ የመሬት ሕግም ዛሬ በአንድ ጊዜ በቦታቸው አሉ። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ እነዚህ ሁሉ አብረው የተገኙበት ጊዜ አልነበረም።

የጎደለው የሚያገናኛቸው አሠራር ነው። ሽማግሌ የትኛው ቤት የሙት ልጅ እንዳለ ያውቃል፤ ለዳኛ የሚነግርበት መንገድ ግን አልተሠራለትም። ዳኛ ሞግዚት ይሾማል፤ ንብረቱ ሲነካ የሚሰማው ግን ሞግዚቱ ራሱ ሲያመለክት ብቻ ነው። የካሳ ከፋዩ መሥሪያ ቤት የይዞታ ደብተሩን ያያል፤ ከደብተሩ ጀርባ አካለ መጠን ያላደረሰ ወራሽ መኖሩን ካልጠየቀ አያውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መደረግ ያለበት ከባድ አይደለም። አካለ መጠን ያላደረሰ ወራሽ ባለበት ይዞታ ላይ የልጁ ስም በደብተሩ ላይ ይጻፍ። ካሳ ከመከፈሉ በፊት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠየቅ፤ የልጁም ድርሻ በቀጥታ በስሙ ወደ ባንክ ይግባ። ሞግዚቱ በየዓመቱ ሒሳብ ያቅርብ፤ ባህሉ የሚታመን ምስክር የሚያደርጋቸው ሽማግሌዎችም ባሉበት ይሁን።

ዝግ ሒሳብ ብቻውን መፍትሔ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ዋጋ በየዓመቱ በሚንርበት አገር አሥር ዓመት የተቀመጠ ብር፣ ማንም ሳይሰርቀው፣ ዕቃ የመግዛት ኃይሉን ያጣል። ዳኛው ስለዚህ መከልከል ብቻ ሳይሆን ማማከርም አለበት። ቤት ገዝቶ በልጁ ስም ማስመዝገብ፣ ወይም ገቢ ወደሚያስገኝ ሌላ ንብረት መለወጥ የሚሻልበት ጊዜ አለ። የሞግዚት ገደብ የወጣው ሀብቱ ከነኃይሉ ልጁ እጅ እንዲደርስ ነው። ታማኝ ሞግዚትም ከዚህ ይጠቀማል፤ ነገ ልጁ አድጎ ቢጠይቀው በፍርድ ቤት መዝገብ የተረጋገጠ መልስ ይኖረዋል።

አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ የሞተ ጓደኛውን ልጅ የሰበሰበ ጎረቤት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው ይህ ነው። የሞግዚትነት ወረቀት ሲሰጥህ የተሰጠህ ኃላፊነት እንጂ ሀብት አይደለም። ለልጁ ትምህርት፣ ምግብና ሕክምና ከገቢው አውጣ፤ ደረሰኙን አስቀምጥ። ሥሩን ለመንካት ስትፈልግ ግን፣ ምክንያትህ እውነት ቢሆንም፣ መጀመሪያ ዳኛውን ጠይቅ። የሱሉልታው ማሳ፣ የሰበታው ቤት፣ የቡራዩው ካሳ ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም ዛሬ ተማሪ ቤት ተቀምጦ ፊደል ይቆጥራል።